«አስተካክልልኝ»

መቼም ከአማርኛ ቃላት መካከል እንደ «ማስተካከል» ሥራ የበዛበት ያለ አይመስለኝም። የተጣመመ በር ይስተካከላል። ያደገ ፀጉር ይስተካከላል። ሰልፍ ይስተካከላል። ሒሳብም ይስተካከላል። እዚህ የመጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። አለቃው ጠርቶ «ይህን ሒሳብ አስተካክለህ አምጣ» ያለው ሠራተኛ፣ ስህተቱን ፈልጎ እንዲያርም ይሁን ስህተቱ እንዳይታይ እንዲያደርግ የታዘዘው፣ የሚያውቀው የአለቃውን ፊት አይቶ ነው።

ይህን ቃል በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግማችሁ መስማት ካማራችሁ፣ ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ከሚጠገንበት አንዱ ጋራዥ ደጃፍ ቁሙ። ጋራዥ ስላችሁ ግድግዳና በር ያለው እንዳይመስላችሁ። አንድ የዛፍ ጥላ፣ በዘይት የጠቆረ መሬት፣ የመፍቻ ሣጥንና ከሥራው ቀና የማይል መካኒክ ካሉ ጋራዥ ነው። ሐዋሳ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ጎዳናዋ ሰፊ የሆነ ከተማ ናት። ድሮ ብስክሌት እንደ ልብ ይነዳባት ነበር። ዛሬ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ፣ ከአቶቴ ወደ ሐይቁ ዳር የሚሄደው ሰው ባብዛኛው የሚሳፈረው ባጃጅ ላይ ነው። እናላችሁ አንዱ ባጃጅ ነጂ ይመጣና «አለቃ፣ ይቺ ነገር ቤንዚን በላችብኝ፤ እስቲ አስተካክልልኝ» ይላል። ሞተር ሳይክሉን እያስጓራ የሚመጣው ደግሞ «ጉልበት አጣች፤ አስተካክልልኝ» ይላል። አንደኛው ቤንዚን ይቀነስልኝ፣ ሁለተኛው ይጨመርልኝ ማለታቸው ነው። መካኒኩ ለሁለቱም «እሺ» ብሎ ካቻቢቴውን ያነሣል።

በነጂው መፍረድ ይከብዳል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በዚያ ላይ የማደያው ሰልፍ አለ። ማደያው «ቤንዚን የለም» ካለ ደግሞ በሀይላንድ ተሞልቶ ከሚሸጠው መግዛት ነው፤ ሀይላንዱ ውስጥ ከቤንዚኑ ጋር ምን እንደተቀላቀለ የሚያውቀው ሻጩና ፈጣሪ ብቻ ናቸው። የዕለት ገቢውን ለባለ ንብረቱ የሚያስረክብ ነጂ ከአንድ ሊትር የሚተርፈው ጥቂት ነገር የልጁ ዳቦ ነው። ስለዚህ «አስተካክልልኝ» ማለቱ ያስመሰግነዋል እንጂ አያስወቅሰውም። ጥያቄው የሚስተካከለው ምኑ ነው የሚለው ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሞተር እንደ ከሰል ምድጃ ነው። ምድጃው አየር ሲያጣ ይጨሳል፤ ሲራገብ ይፋፋማል። ቤንዚን ምንም ሳይተርፈው፣ አየሩም ሳይተርፈው ተቃጥሎ እንዲያልቅ ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ገደማ አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ከዚህ ሲያንስ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። አየሩ ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይግላል፤ ቆይቶም ቫልቩንና ፒስተኑን ይጎዳል። እንግዲህ የመካኒኩ ጥበብ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ልኩን መፈለግ ነው።

ካርቡራተር ባለው ሞተር ላይ ልኩን የሚወስነው ቤንዚን የሚያልፍባት የናስ ቀዳዳ ስፋት ነው። ይህችን ቀዳዳ ፋብሪካው ሲለካት ባብዛኛው ያሰበው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ የማይል አገር ነው። ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አምስተኛ እጅ ለመሆን ጥቂት የቀረው ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቀዳዳዋ ግን አልጠበበችም። ስለዚህ ሞተሩ ገና ከካርቶን ሲወጣ ጀምሮ ቤንዚን በዝቶበት ነው የሚነሣው ማለት ነው። ያው ሞተር ሳይክል በአለታ ወንዶ በኩል አድርጎ ወደ ሁላ፣ ወደ ሀገረ ሰላም ሲወጣ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሐዋሳ ላይ ደህና የነበረው ሞተር እዚያ ሲደርስ ያስነጥሰዋል፤ ይከብደዋል። ነጂው «ዳገቱ ነው» ይላል። ዳገቱም ነው፤ ነገር ግን አየሩም አለበት።

ይህን ፊዚክስ በክፍል ውስጥ ያልተማረ መካኒክ በእጁ ያውቀዋል። ካንዴላውን ይፈታና ጫፉን ያያል። ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አየር በዝቷል፤ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ነው። ከዚያ ሚኒሞውን በካቻቢቴ ሩብ ዙር እያጠበቀና እያላላ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣል አድርጎ ድምፁ የሚረጋበትን ቦታ ይፈልጋል። እኔ ይህን ሙያ እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ፋብሪካው ያላሰበውን የሐዋሳን አየር አስቦለት ሞተሩን ከአገሩ ጋር ያስማማው እሱ ነውና፣ «ማስተካከል» የሚለው ቃል በሙሉ ክብሩ የሚገባው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ነገር እንምጣ። ከካርቡራተር ቀጥሎ የመጣው ሞተር ቤንዚኑን የሚያዝለት ትንሽ ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያዘው ዝም ብሎ አይደለም፤ ነጋሪ አለው። ነጋሪው ካንዴላ የሚያህል፣ የጭስ ማውጫው ላይ የሚታሰር ዕቃ ነው። ስሙ ኦክስጅን ሴንሰር ይባላል። ሥራው አንድ ነው፤ ተቃጥሎ የሚወጣው ጭስ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን መኖሩን አሽትቶ መናገር። የተለመደው ዓይነት ሲግል ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኦክስጅን ተርፎ ሲያገኝ 0.1 ቮልት ገደማ፣ ሲያጣ 0.9 ቮልት ገደማ ይልካል። ኮምፒውተሩ ያንን ያነብና «ቤንዚን ጨምር» ወይም «ቀንስ» ይላል። ይህ ደግሞ በሰኮንድ ውስጥ ይመላለሳል። ካንዴላ ፈትቶ ቀለም የሚያየው መካኒካችን፣ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሌት ተቀን ተቀመጠ እንደማለት ነው።

የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ይህን ሴንሰር ሠርቶ በቮልቮ መኪና ላይ ለገበያ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እኛ አገር ለመኖር ግን ጊዜ ፈጅቶበታል። ምክንያቱም የድሮው ቤንዚን እርሳስ ነበረበት፤ እርሳስ ደግሞ ይህን ሴንሰርም፣ ጭስ የሚያጣራውን ካታላይዘርም ያበላሻል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ያቆሙት በ1998 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ናት፤ እሷም በ2013 ዓ.ም. አቆመች።

እንግዲህ ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በውጭው ዓለም በሞተር ሳይክል ወዳጆች ዘንድ የታወቀ አንድ ዘዴ አለ። ከሴንሰሩ ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄደው ሽቦ መካከል ሬዚስተር ወይም አንዲት ትንሽ ሣጥን ያስገባሉ። ሴንሰሩ የላከው ቮልት እዚያ ላይ ዝቅ ይላል። ኮምፒውተሩም «ለካ አየር በዝቷል» ብሎ ያምንና ቤንዚን ይጨምራል። ቀለል ያለውን የሚመርጠው ደግሞ ሴንሰሩን ነቅሎት ይሄዳል፤ የቼክ ኢንጅን መብራት ብትበራ አምፖሏን መሸፈን ነው። ይህም «ማስተካከል» ይባላል።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የእነሱንም ቃል እንስማ። አምራቾች የአካባቢ ሕግን ለማሟላት ሲሉ ሞተሩን በቀጭን ድብልቅ ያስኬዱታል፤ ስለዚህ ሞተሩ ይግላል፣ በዝግታ ሲነዳ ይንገጫገጫል ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። ጥቂት ቤንዚን ሲጨመርለት ሞተሩ ለስለስ ይላል የሚሉትም እውነት ነው። ንብረቱ የኔ ነው፣ እንደፈለግሁ ባደርገው ማን ይከለክለኛል የሚል ክርክርም አላቸው።

ነገር ግን የሚያገኙትንና የሚያጡትን እንቁጠር። ጉልበት ፈልጎ ይህን ያደረገ ሰው የፈለገውን አያገኝም። አብዛኛው ኮምፒውተር ነጂው ጋዙን እስከ መጨረሻው ሲሰጠው የሴንሰሩን ቃል ትቶ በራሱ ሠንጠረዥ ነው የሚሄደው። ሴንሰሩ የሚደመጠው በተረጋጋ አነዳድ፣ ማለትም ሐዋሳ ውስጥ ከአደባባይ አደባባይ በሚኬድበት አነዳድ ላይ ነው። ስለዚህ ሬዚስተሯ የምትሠራው ባለቤቱ በሚመካባት ሰዓት ሳይሆን፣ በከተማ ውስጥ ቤንዚን ስትፈጅበት ነው። የተረፈው ቤንዚን ደግሞ የትም አይጠፋም። ከፊሉ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥበዋል፤ ከፊሉ ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነድና ያቀልጠዋል፤ የቀረው በማርሚታው ወጥቶ ሰው ይተነፍሰዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ሴንሰሩ «አየር በዝቷል» ያለው ምናልባት እውነት ይዞት ሊሆን ይችላል። የማርሚታው ማሰሪያ ላልቶ አየር እየገባ ይሆናል። ቤንዚን የሚረጨው አፍንጫ በቆሻሻ ተደፍኖ ይሆናል። ፓምፑ ደክሞ ይሆናል። ወይም ደግሞ ከሀይላንድ የተቀዳው ቤንዚን የነጭ ጋዝ ወንድም ሆኖ ይሆናል። ሴንሰሩን ያታለለ መካኒክ ከእነዚህ አንዱንም አልነካም። በሽታው እዚያው አለ፤ የጠፋው የሚናገረው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት አባቶቻችን ኦክስጅን ሴንሰር አይተው አልነበረም፤ ነገሩን ግን ደህና አድርገው አውቀውታል።

አንባቢ እዚህ ላይ «ሐዋሳ ውስጥ የሚርመሰመሰው ባጃጅና ሞተር እኮ ካርቡራተር ነው፤ ሴንሰር የት አለና ነው ይህ ሁሉ?» ቢለኝ እውነት አለው። የሚበዛው አሁንም ካርቡራተር ነው። ሆኖም መኪኖቻችን፣ እነዚያ አሮጌ ናቸው የምንላቸው ቪትዝና ኮሮላ ሳይቀሩ፣ ይህን ሴንሰር ይዘው ከመጡ ቆይተዋል። ባጃጅና ሞተር የምትልክልን ህንድም ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡት ጥብቅ የጭስ ደረጃ እንዲያሟሉ ስላስገደደች፣ ፋብሪካዎቿ አብዛኛውን ሞተር ሳይክል ከካርቡራተር ወደ ኮምፒውተር አዙረዋል። ለውጭ ገበያ ከሚልኩት ውስጥ ካርቡራተር ያለው ገና አልጠፋም፤ ነገ ግን የሚመጣው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትም። ለኔ ዋናው ነገር ይህም አይደለም። ሴንሰሩ ቢዘገይም እሱን የማታለሉ ልማድ አገራችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

እስቲ አስቡት። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኪሎ ሜትሩ ተመልሷል ወይ?» ብሎ ነው። መኪናው ምን ያህል እንደሮጠ የሚናገረው ዕቃ እንደሚዋሽ አስቀድሞ አውቋል። ገበያ ስትሄዱ ጎበዝ እናት ሥጋውን ወይም ቲማቲሙን ብቻ አታይም፤ ሚዛኑን ታያለች። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ሲደርስ ደግሞ ቦሎ ለመለጠፍ ብቻ የሚገጠም ዕቃ አለ፤ በማግሥቱ ተፈትቶ ወደ ጓደኛ መኪና ይዛወራል። አዋጁማ አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ። ነገር ግን ምርመራ ማለት የአንድ ቀን ትያትር ከሆነ፣ አዋጁ የሚያውቀው ያችን አንዷን ቀን ብቻ ነው። ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣል ሲባል በአንድ ሌሊት አጥሩ የሚቀባ፣ በሦስተኛው ቀን ቀለሙ የሚላጥ መሥሪያ ቤት አይታችሁ አታውቁም?

ይህ የድሆች አገር ጠባይ ነው ብሎ ራሱን የሚንቅ ካለ ደግሞ ልንገረው፤ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያጋለጠው የጀርመኑን ቮልስዋገን ነበር። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን በሚሆኑ የናፍጣ መኪኖች ውስጥ፣ መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ፕሮግራም አስገብቶ ነበር። ምርመራ ላይ ሲሆን መኪናው ጨዋ ይሆናል። መንገድ ላይ ሲወጣ አንዳንዱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ጋዝ ይተፋል። ይህን የሠሩት በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ መካኒኮች ሳይሆኑ በዓለም የተመሰገኑ መሐንዲሶች ናቸው። ለመጋለጡ በር የከፈቱት ደግሞ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ መለኪያቸውን መኪናው ላይ ጭነው ከምርመራ ክፍል ወጥተው መንገድ ላይ ነዱት። መንገዱ እውነቱን ተናገረ።

እኛም አገር አንድ ጊዜ መለኪያው እንዲናገር ተፈቅዶለት ያየነውን አንረሳም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለዓመታት ሲሰረቅ፣ ሲኮረጅ፣ መልሱ በስልክ ሲላላክ ኖረ። ወረቀቱ ላይ ግን ብዙ ልጅ ያልፍ ነበር። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ተደረገ። በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። ብዙ ሰው የደነገጠው በፈተናው አሰጣጥ ነበር። የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ነው። ልጆቻችን በዚያ ሌሊት አልደከሙም። መማሪያው፣ መምህሩ፣ መጽሐፉ ሲጎድል የከረመው ድሮ ነው፤ እኛ ደግሞ ሽቦው መካከል ሬዚስተር አስገብተን «ደህና ነው» ስንባል ኖርን። የተቀጣውም ሬዚስተሩን ያስገባው አይደለም። የተቀጣው አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በአንድ ቀን ባዶነቱ የተነገረው ልጅ ነው።

ወደ ሐዋሳ ጎዳና ስንመለስም የሚቀጣው ማን እንደሆነ ማየት ይቻላል። ቤንዚን አየር አጥሮት ሲነድ ከሚወጡት አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህን ጋዝ ስሙን ባታውቁትም ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ የተኛን ሰው የሚገድለው እሱው ነው። ሽታ የለውም፤ አይታይም። አደባባይ ላይ አየሩ ስለሚነፍስ እንደ ዝግ ቤት አይገድልም፤ ግን ራስ ያሳምማል፣ ልብ ያደክማል። ከእሱ ጋር የሚወጣው ጥላሸትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ይህን በቅርብ የሚተነፍሰው ማን ነው? አደባባይ ላይ ሙሉ ቀን የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ ነው። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት ናት። ቁመቱ ከማርሚታ ብዙም የማይበልጥ፣ እናቱን እጇን ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከንጋት እስከ ምሽት በሰልፍ ውስጥ የሚውለው ያው ባጃጅ ነጂ ራሱ ነው። ጥቂት ብር ላድን ብሎ ያሠራው ሥራ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ወደ ራሱ ሳንባ ነው። «ንብረቱ የኔ ነው» የሚለው ክርክር የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩ የሱ ነው፣ አየሩ ግን የሱ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ነጂውን ሰብስቦ ስለ አካባቢ ጥበቃ መስበክ ብዙ የሚጠቅም አይመስለኝም። ቤንዚን ከ100 ብር በላይ የሚገዛ ሰው ስብከት አይሻም፤ የሚሻው የሚቆጥብለት ሥራ ነው። የሚቆጥበው ሥራ ደግሞ ባብዛኛው ርካሽ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል፤ ማጽዳት ወይም መቀየር ነው። «በደንብ ትተንፍስ» ብሎ ማጣሪያውን ነቅሎ መጣል ግን ሞተሩን አቧራ ማብላት ነው። ለሐዋሳ ከፍታ የምትሆነውን ጠባብ የናስ ቀዳዳ ማስገባት ነው። የላላ ማሰሪያ ማጥበቅ፣ የአረጀ ካንዴላ መቀየር፣ የጎማ ነፋስ ማስሞላት ነው። ባለ ኮምፒውተሩን ሞተር በእውነት ለአገሩና ለአነዳዱ ማስማማት የሚፈልግም መንገዱ አለው፤ ሴንሰሩን ሳይነኩ የቤንዚኑን ሠንጠረዥ በባለሙያ ማስተካከልና ጭሱን ለክቶ ማረጋገጥ።

ለክቶ የሚለው ቃል ላይ ግን ሁላችንም እንቆማለን። ጭስ የሚለካው መሣሪያ ዛፍ ሥር ባለው ጋራዥ አይገኝም። መካኒኩ በጆሮውና በዐይኑ የሚሠራው ወዶ አይደለም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሏት። ለነዚህ መካኒኮች በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በራቸውን ከፍተው «ኑ፣ የሠራችሁትን እዚህ ለኩ» ቢሏቸው፣ ያ ካንዴላ አይቶ የሚያውቀው ሰው ምን ያህል ትክክል እንደነበረና የት ላይ እንደሳተ በቁጥር ያየዋል። ቅጣት የሌለበት መለኪያ ሰው አይሸሸውም። መለኪያን የምናታልለው ባብዛኛው ውጤቱ ለቅጣት ብቻ ስለሚውል ነው። ለምርመራ የመጣው ነጂ «ጭስህ አልፏል፣ ክፈል» ከሚባል «ጭስህ አልፏል፣ ምክንያቱ ይኸው፣ አሥር ቀን አለህ» ቢባል፣ ዕቃ ተውሶ ከመምጣት ይልቅ ጠግኖ መምጣት ያዋጣው ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም ብሏል። የኤሌክትሪኩ ዘመን ሲመጣ ይህ ሁሉ ጣጣ ያልቃል የሚሉ አሉ። ጭሱ ሊቀንስ ይችላል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። የኤሌክትሪኩም ቢሆን የባትሪውን ጤና የሚናገር፣ ከዚህ በላይ አትሩጥ የሚል ሴንሰር አለው። እሱንም «አስተካክልልኝ» የሚል አይጠፋም። ሞተሩ ቢቀየርም ጠባዩ ካልተቀየረ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ባጃጁን፣ ሞተሩን ወይም መኪናውን ይዞ ጋራዥ የሚሄድ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከመካኒኩ አጠገብ ቆሞ አንዲት ጥያቄ ቢጨምር መልካም ነው፤ «ወንድሜ፣ አሁን የነካኸው ሞተሩን ነው ወይስ የሚናገረውን?» ደህና መካኒክ በዚህ አይቀየምም። እንዲያውም ካንዴላውን ፈትቶ፣ በጨርቁ ጠርጎ ቀለሙን ያሳያችኋል። ቢሮ ውስጥ ሪፖርት የሚያስተካክለውን አለቃ ይህንኑ ብንጠይቀው የሚያሳየን ነገር ይኖረው ይሆን?